ፒቲኤስዲ ኮች እና ፒቲኤስዲ ፋሚሊ ኮች፦ አንዱ ለተጎዳው፣ አንዱ አብሮት ለሚኖረው

ፒቲኤስዲ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የሥነ ልቦና ሕመም ነው። ፒቲኤስዲ ኮች በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ብሔራዊ የፒቲኤስዲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የስልክ መተግበሪያ ነው። አሰቃቂ ነገር ከደረሰበት በኋላ የሥነ ልቦና ጉዳት ለገጠመው ለማንኛውም ሰው ያገለግላል፤ ወታደር መሆን አያስፈልግም። ፋሚሊ ኮች ደግሞ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ለሌላ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱም በአንድሮይድና በአይፎን በነጻ ይወርዳሉ፣ አካውንት ክፈቱ አይሉም። አንድ ላይ የምንገመግማቸው፣ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ሰው ላይ ቢሆንም የመላው ቤተሰብ አኗኗር ስለሚለወጥ ነው።

የፒቲኤስዲ ኮች ትልቁ ጥንካሬ መለኪያው ነው። ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን ፒሲኤል-5 የተባለ መጠይቅ ይዟል፤ 20 ጥያቄዎች አሉት፣ የእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነው፣ ድምሩም ከ80 ይያዛል። ከ1 እስከ 5 ያሉት ጥያቄዎች ክስተቱ በቅዠትም ሆነ በቁም ተመልሶ መምጣቱን ይጠይቃሉ። 6 እና 7 ክስተቱን ከሚያስታውስ ነገር ስለ መሸሽ ናቸው። ከ8 እስከ 14 ያሉት የሐሳብና የስሜት መጨለምን፣ ራስን መውቀስን፣ ከሰው መራቅን ያነሳሉ። የቀሩት ስለ ቁጣ፣ ስለ ድንጋጤ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ሁልጊዜ በንቃት አካባቢን ስለ መቃኘት ናቸው። ድምሩ 31 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ይገባል፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን በሽታው አለ ለማለት አይበቃም።

መለኪያው የሚሳሳተው አላግባብ ሲሞላ ነው። ክስተቱ ከደረሰ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሰው ከፍተኛ ቁጥር ቢያገኝ አያስደንቅም። ፒቲኤስዲ ነው የሚባለው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ ነው፣ በብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት እየበረዱ ይሄዳሉ። በየቀኑ መሙላትም አይጠቅምም፤ በሳምንት ወይም በወር አንዴ ይበቃል። የሁለትና የሦስት ነጥብ መውጣት መውረድ ለውጥ አይባልም። ከሁሉ በላይ ድምሩን ብቻ አትዩ። 6ኛና 7ኛ ጥያቄ ላይ 4 እየሞላ ድምሩ ዝቅ ያለ ሰው፣ ዝቅ ያለው ስለተሻለው ሳይሆን ከቤት መውጣት ስላቆመ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዋና ክፍል ምልክቶችን የመቆጣጠሪያው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ያስቸገረው ምልክት ይመረጣል፣ ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ይለካል፣ አንድ መልመጃ ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። የአተነፋፈስ፣ ጡንቻን የማፍታታት፣ ሐሳብን አሁን ወዳሉበት ቦታ የመመለስ መልመጃዎች አሉት፤ የራስን ፎቶና ሙዚቃም ማስገባት ይቻላል። ጥሩ ክፍል ነው፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በጥልቀት ተንፍሱ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ቶሎ ይስብና ያዞረዋል፣ ጭንቀቱም ይብሳል። ቀስ ብሎ ስቦ፣ ሲወጣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝሞ ማስወጣት ነው ልኩ። ካለበት ርቆ የመሄድ፣ የመፍዘዝ ስሜት የሚመጣበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራውን መልመጃ ይተወው፤ ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች በስም ቢጠራ ይሻለዋል። መልመጃው የሚለመደው ጭንቀቱ 2 ወይም 3 ሲሆን ነው። 9 ላይ የደረሰ ሰው ስልክ ከፍቶ አያነብም፣ ስለዚህ ቅርቡ ያለ አንድ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

ፋሚሊ ኮች የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሕመሙ ያስረዳል፣ ግን በዋናነት የሚያየው የአስታማሚውን የራሱን ጭንቀት ነው። ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የደከመ ሰው ወይ ይቆጣል ወይ ሁሉንም ነገር ተሸክሞ ይጨርሳል። የኋለኛው ፍቅር ስለሚመስል ለማየት ያስቸግራል። ለምሳሌ የተጎዳው ባል ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ስለማይወድ ሚስቱ ብቻዋን ትገበያለች፣ ድምፅ ስለሚያስደነግጠው ልጆች እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ፣ እንግዳ መቀበል ይቀራል። ለዛሬ ያቀልለታል፤ መሸሹ ግን እየሠራለት ስለሆነ ሥር ይሰዳል፣ ቤቱም ይጠብባል። ማንኛውም መተግበሪያ ይህን ከውጭ ማየት አይችልም። ስለዚህ ቤተሰቡ በወር አንዴ «ለእሱ ብለን ምን ምን ተውን?» ብሎ ዝርዝሩን ይጻፍ፤ ከዚያ ቀላሉን አንዱን፣ ተጎጂው ራሱ የመረጠውን፣ ለአጭር ጊዜ አብረው ይመልሱት። ማስገደድ አይገባም። የደረሰበትንም በዝርዝር እንዲናገር መወትወት ይጎዳል፤ «አሁን ምን ላድርግልህ?» ይበቃል። በቅዠት ሲወራጭ በእጅ መነቅነቅም አደገኛ ነው፦ ራቅ ብሎ መብራት ማብራት፣ በስሙ መጥራት፣ የት እንዳለ መንገር።

ሁለቱም መተግበሪያዎች ሕክምናን አይተኩም፣ ፒቲኤስዲ ኮችም ይህን ራሱ በግልጽ ይናገራል። የተሻለ ማስረጃ ያላቸው በክስተቱ ትዝታ ላይ በቀጥታ የሚሠሩ የንግግር ሕክምናዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ። የመለኪያው ግራፍ ለሐኪሙ ቢታይ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

በዋናነት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችል ሰው ቤተሰብ አጠገቡ ሆኖ ቢያነብለት ይሻላል፤ መልሱን ግን እሱ ይስጥ። ውስጡ ያሉት የአስቸኳይ ጊዜ ስልኮች የአሜሪካ ናቸው፣ ሌላ አገር አይሠሩም። በወረደበት ቀን የድጋፍ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚደወልላቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች መመዝገብ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ራስን ስለማጥፋት ንግግር ከተነሳ ወይም ቤት ውስጥ እጅ ከተነሳ መልመጃ አይሞከርም፤ ያኔ ሰውየውን ብቻውን አለመተው ወይም የሚመታውን ከአደጋው ማራቅ፣ ወዲያውም በአካባቢው ወዳለ የድንገተኛ አገልግሎት መደወል ነው የሚገባው።