የልጄን ፒያኖ ላዳኑልኝ ጋሼ ምስጋና፣ ፒያኖ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ ያጣችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። መኪና የሚጠግን በየመንገዱ ሞልቷል። ፍሪጅም፣ ስልክም፣ ቴሌቪዥንም እንደዚያው። የፒያኖ ሰው ግን ጠይቆ አጠያይቆ ካልሆነ አይገኝም። እኔ አግኝቻለሁና ላመሰግናቸውም፣ ለእናንተም ልጠቁማችሁ ነው።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እንዳትጽፊ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። «ስሜ በየቦታው ከተጠራ ስልኬ ይጮኻል፤ ስልኬ ሲጮኽ ደግሞ ጆሮዬ አይሠራልኝም» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ፒያኖ ትማራለች። ቤት ያለን ኪቦርድ ነበር። አስተማሪዋ «ጣቷ እንዲጠነክር እውነተኛ ፒያኖ ያስፈልጋታል» ስትለኝ ከረመች። አዲስ ከውጭ ላስመጣ ማለት ለእኛ አቅም የማይታሰብ ነው። በመጨረሻ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ ቋሚ ፒያኖ ተገኘ። ዚመርማን ይላል፤ የጀርመኗ ላይፕዚግ ሥራ። ዋጋው ደህና ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ማውጣቱ ነው ጉዱ። ጫኝና አውራጆቹ እንደ ቁም ሣጥን ቆጥረው ተስማሙ። ከዚያ አንዱ ጫፉን ብድግ ሊያደርግ ሞከረና «ኧረ ይሄ ውስጡ ብረት ነው!» አለ። ዋጋው ከዜሮ ተጀመረ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ ቋሚ ፒያኖ በሆዱ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ተሸክሟል፣ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። የተጨመረችውን ከፍለን ገባ።

ገባና ምን ዋጋ አለው። አንዳንዱ ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት አይመለስም። አንዳንዱ ሲመታ እርስ በርሱ የተጣላ ድምፅ ያወጣል። «የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ እጠግናለሁ» የሚል ሰው ተጠርቶ መጣ። ስሙ ይቅር። ክዳኑን ከፈተ፣ ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ዘይት ውስጡ ፈስ ፈስ አደረገ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ለትንሽ ጊዜ ቁልፎቹ ተላወሱ። ከዚያ ከበፊቱ ብሶባቸው ቁጭ። ዘመድ ወዳጅም ምክሩን አልነፈገንም። ገሚሱ ሽጪው ይላል፣ ገሚሱ ለሳሎን ጌጥ ይሁንሽ ይላል።

ጋሼን የጠቆመችኝ የልጄ አስተማሪ ናት። ሲመጡ አንዲት ወጣት ረዳት ይዘዋል። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀች፣ አሁን ሙያውን ከእሳቸው የምትማር ልጅ ናት። ቡና ላፍላ ብል «ከሥራ በኋላ» አሉ። መሣሪያም አላወጡም። መጀመሪያ ጠየቁ። የት ነበር የቆየው? ፀሐይ ያገኘው ነበር? መቼ ነው የተጓጓዘው? ከዚያ ቆመው 88ቱንም ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ መቱ። ረዳቷ በደብተር ትጽፋለች። «ይሄ ይይዛል። ይሄ ክሩ ወርዷል። ይሄ ማፈኛው አይመለስም።» ሐኪም ቤት እንኳ እንደዚህ ተመርምሬ አላውቅም።

የፊት ሳንቃውን አነሡና መዶሻዎቹ የተደረደሩበትን ክፍል እንዳለ ነቅለው ጠረጴዛችን ላይ ባነጠፍነው ጋቢ ላይ አስቀመጡት። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ቀረሁ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ትንሽ መዶሻ አለ፤ ራሱ ላይ የተጠቀጠቀ ሱፍ ለብሷል። ጣት ቁልፉን ሲጫን መዶሻው ተወንጭፎ ክሩን ይመታና ወዲያው ይመለሳል። ባይመለስ ድምፁ እዚያው ይታፈናል። ጋሼ ለልጄ በጣታቸው ቀስ አድርገው እያሳዩ «አየሽ ሚጣ፣ አንቺ አትመቺውም፤ ትወረውሪዋለሽ እንጂ» አሏት። ይቺን ነገር አስተማሪዋ ለወራት ስትነግራት ነበር፤ ያን ቀን ገባት።

አሁን ለምን እንደማምናቸው ልንገራችሁ። ምርመራው ሲያልቅ መጀመሪያ የነገሩኝ መሠራት ያለበትን አልነበረም። የማይሠራውን ነው። «መዶሻዎቹ ገና ናቸው፤ ይቀየሩ የሚልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚ። ክሮቹም ሁሉም አይቀየሩም። ከላይ ያለው ቀለም መጫጫሩ ለድምፁ ምኑም አይደለም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ።» ገበያው በዚህ በተወደደበት ጊዜ የራሱን ገቢ በራሱ አፍ የሚቀንስ ባለሙያ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ የቀረውን ሁሉ ይሁን አልኩ።

የቀረውም ቀላል አልነበረም። ጎንበስ ብለው ሲያሸቱ ፊታቸው ተለወጠ። «ማነው ዘይት የረጨበት?» ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ በእኔ ሳይሆን በሥራው። ሱፍና እንጨት ዘይት ጠጥተው ያብጣሉ፣ አቧራ ይይዛሉ፣ ከዚያ ይደርቁና ይጣበቃሉ አሉኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው ፒኖች ጋ ሲደርስ ነው። እነዚያ ፒኖች በብሎን አልታሰሩም። ወፍራም ጣውላ ውስጥ ጥብቅ ብለው ስለተሰኩ ብቻ ነው የሚይዙት። ዘይት ከነካቸው መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ተቃኝቶ ሳያድር ይወርዳል። ደግነቱ የኛ ብዙዎቹ ተርፈዋል። ለላሉት ጥቂት ፒኖች ጋሼ ነቅለው፣ ቀዳዳውን አጽድተው፣ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው መልሰው መቷቸው። አሁን ድረስ ይዘዋል።

ከቁልፎቹ ሥር የወጣውን ባያችሁ! የፀጉር ሽቦ፣ የማን አገር እንደሆነ ያላወቅነው ሳንቲም፣ የእርሳስ ስባሪ። ይይዛል ከተባሉት ቁልፎች አንዱን ይዞ የነበረው ያ ሳንቲም ነው። ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈውን ሱፍ ደግሞ ብል በልቶታል። ትርፍ ዕቃ እዚህ በገበያ አይገኝም፤ እሳቸው ከውጭ በሰው ሻንጣ ያስመጡትን ሱፍ በልክ ቆርጠው ተኩ። ከወፍራሞቹ፣ መዳብ ከተጠመጠመባቸው ክሮች አንዱ ተበጥሶ ነበር። እሱን አዲስ ከማፈላለግ ሌላ ሽቦ ቀጥለው ቋጠሩት። ቋጠሮው ራሱ ጥበብ ነው፤ ሲወጠር የባሰ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

ከዚያ ወደ ቅኝቱ መጣን። ፒያኖው ከልኩ ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዷል። «ላ» የምትባለዋ ድምፅ በዓለም አቀፉ ልክ በሰከንድ 440 ጊዜ መርገብገብ አለባት። እኔ ዛሬውኑ አድርሱልኝ አልኩ። እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን በቁጥር ነገሩኝ። ፒያኖ ውስጥ 230 ገደማ ክር አለ። ወፍራሙ ለብቻው፣ መሐሉ ሁለት ሁለት፣ አብዛኛው ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የተወጠረው። የሁሉም ውጥረት ተደምሮ እስከ 20 ቶን ይደርሳል። 200 ኩንታል ጤፍ ያንን የብረት ሰሌዳ ሌት ተቀን ይጎትተዋል ማለት ነው። ለዓመታት ላልቶ የኖረን አሮጌ ክር በአንድ ጊዜ ብትወጥሩት ይበጠሳል፤ ባይበጠስም ተመልሶ ይወርዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ» አሉኝ። በየደረጃው ከፍ አድርገው፣ መሐል ላይ አሳርፈው፣ ተመልሰው መጥተው ጨረሱት።

ሲቃኙ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። መሐል ሰፈሩ ላይ ረጅም የሱፍ ጨርቅ በክሮቹ መካከል ይሰኩና ከሦስቱ ክር አንዱን ብቻ ነፃ ይተዋሉ። ሹካ መሳይዋን ብረት ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። በአንድ እጅ ቁልፉን እየመቱ በሌላው መፍቻውን በጣም ትንሽ፣ ዓይን በማይለየው መጠን ይገፋሉ። ሁለት ክር ካልተስማማ «ዋ… ዋ… ዋ…» የሚል ሞገድ ይሰማል። እየተቀራረቡ ሲመጡ ሞገዱ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ቀጥ ይላል። ልጄ ከእሳቸው ቀድማ «ቆመ!» ማለት ጀመረች። አንድ ሁለቴ ልክ ነበረች፤ ረዳቷም ተገረመች።

ታዲያ ይህን ለመስማት ጸጥታ ይፈልጋሉ። ፍሪጁን አስጠፉኝ። ከላያችን ያሉት ጎረቤት ቡና ሲወቅጡ ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ሕንፃው በሙሉ ጸጥ አለ፤ እሳቸው «ተመስገን» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። መብራት በመጥፋቱ የተደሰተ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰው ፒያኖ ሲባል የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። ይሁንና እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ 2023 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከዚህ መሣሪያ ጋር ነው የሚነሣው። ግርማ ይፍራሸዋም ከያሬድ ተነሥቶ፣ ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ፣ የኛን ዜማ በፒያኖ በየአገሩ አሰምቷል። ስለ ተጫዋቾቹ ስንናገር ግን መፍቻ ይዞ ከጀርባ የሚጎነበሰውን ሰው ማንም አያነሣውም። ክራር የሚመታ ክራሩን ራሱ ይቃኛል፤ ትዝታ ሲለው ትዝታ፣ ባቲ ሲለው ባቲ። ፒያኖ ተጫዋች ግን የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሌላ ሰው የቃኘለትን ነው የሚጫወተው።

የሰጡኝን ምክር ለእናንተም ላካፍል። ፒያኖ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ወጥ ቤት በር ላይ፣ ወይም እርጥበት ከሚያስገባ የውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጋም። ክረምት ሲገባ ከክሮቹ ጀርባ ያለው ሰፊ የድምፅ ሳንቃ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ክሩን ይገፋዋል፤ ቅኝቱ ከልኩ ከፍ ይላል። በጋ ላይ ሳንቃው ሲደርቅ ቅኝቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዝናብ እየጣለ ማስቃኘት ገንዘብ መጣል ነው። ዝናቡ ቆሞ አየሩ ከተረጋጋ በኋላ፣ ኅዳር ገደማ ጥሩ ነው። በዓመት ሁለቴ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተቻለ አንዴ። ዘይት ደግሞ በጭራሽ፣ ማንም ቢላችሁ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ቀርፋፋ ናቸው። በአንድ ቀን ያልቃል ብላችሁ እንግዳ እንዳትጠሩ። ቴሌቪዥን ከተከፈተ ዕቃቸውን ሸክፈው ሊሄዱ ይችላሉ። ቁልፉ ላይ ስኒ ያስቀመጠ ሰው ካዩ ዕድሜውን አይተው አይምሩትም፤ ባለቤቴ ምስክር ነው። ኤሌክትሪክ ኪቦርድ አይነኩም። ሒሳባቸውን ግን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቁርጡን ይናገራሉ፤ ሲጨርሱም ያችኑ ነው የሚቀበሉት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ እንደ ፒያኖው ሁኔታ ይለያያል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና፣ በተለይ የጆሮ ጤና ይስጥዎት። ለረዳትዎም እንዲሁ። ልጄ አሁን ተለማመጂ ሳትባል ነው የምትለማመደው፤ ከላይ ያሉት ጎረቤት ብቻ ናቸው ቅር ያላቸው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የፒያኖውን ስም፣ የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ ብረቱ ላይ የምታገኙትን ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ እንዳለና የፊት ሳንቃው ተነሥቶ የተነሣ ፎቶ አዘጋጁ። ቀጠሯቸው ከመስከረም በኋላ ቶሎ ይሞላል፤ ነሐሴ ላይ ብትይዙ ይሻላል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት አትደውሉ፣ አያነሡም።