የመንዝ ድንጋይ ቤት በአኒሜሽን፦ ሳይክልስ ወይስ ኢቪ?

ለአንድ ደቂቃ ፊልም የመንዝን የድንጋይ ቤት መረጥኩ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። የምሠራው ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ በብሌንደር ነው፤ የ3ዲ አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነዋ። የቸገረኝ ሬንደሩ፣ ማለትም የሠራሁትን ትዕይንት ወደ ምስል የመቀየሩ ሥራ ነው፤ በብሌንደር ውስጥ ካሉት የሬንደር ማድረጊያዎች በየቱ ላድርገው፣ በሳይክልስ ወይስ በኢቪ?

ሳይክልስ የብርሃንን መንገድ እየተከተለ ያሰላል። በበሩ የገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉን መትቶ ይነጥርና ጨለማውን ጥግ ፈካ ያደርገዋል። የቤት ውስጥን ትዕይንት እውነተኛ የሚያስመስለው ይሄ ነው። ጣጣው ጊዜ ነው። በሴኮንድ 24 ምስል ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ይፈልጋል። አንዱ ምስል 5 ደቂቃ ቢፈጅ 120 ሰዓት፣ አምስት ቀን ሙሉ! ያውም መብራት ካልጠፋ። (በቀጥታ ቪዲዮ አታውጡ። እያንዳንዱን ምስል በፒኤንጂ ለየብቻ አስቀምጡ። መብራት ሲመጣ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።)

ኢቪ በ2019 ከብሌንደር 2.80 ጋር የመጣ ነው። አሠራሩ የጌም ዓይነት ነው፤ ብርሃኑን በግምት ያቀራርባል፣ ምስሉንም ቶሎ ይጨርሳል። ካሜራው ቤቱን ከውጭ ሲዞር፣ ጉሙ ሲያልፍ፣ ብዙም አያሳፍርም። ቤት ውስጥ ስንገባ ግን ጥላው ይሳሳል፣ ድንጋዩም ካርቶን ይመስላል።

ክዳኑ በሁለቱም አሳር ያበላል። እያንዳንዱ ሣር ሜሞሪ ይበላል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ፣ ሳይክልስ። ፊልሙን ወደ 20 ሴኮንድ አሳጥሬም ቢሆን።