«ልክ የሚያስገባ» ቤት ወይስ የሚያክም? በአሜሪካ የሱስ ማገገሚያ ስትመርጡ

ልጁ በፌንታኒል (እንደ ሄሮይን ያለ፣ ግን እጅግ ብርቱ አደንዛዥ) ወይም በመጠጥ የተያዘበት ቤተሰብ ማዕከል ሲያፈላልግ ሁለት ዓይነት ቤት ያገኛል። አንዱ «ስጡን፣ ልክ እናስገባዋለን» ይላል፤ መሣሪያው ሥራ፣ ቅጣትና የቡድን ግሣጼ ነው። ሌላው በሐኪም፣ በመድኃኒትና በምክር ይሠራል። ማስታወቂያቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነቱ የሚወጣው ስልክ ደውላችሁ ስትጠይቁ ነው።

የግሣጼው መንገድ ምንጩ ሲናኖን የተባለ የሱሰኞች ማገገሚያ ድርጅት ነው። ቻርልስ ዴደሪክ እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ ያቋቋመው ሲሆን፣ ነዋሪዎች ክብ ሠርተው አንዱን እየተቀባበሉ የሚሰድቡበትን ስብሰባ «ጨዋታው» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አባላቱ ድርጅቱን በፍርድ ቤት በረታ ጠበቃ የፖስታ ሳጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ አስቀምጠው ሰውየው ተነድፎ ለጥቂት ተረፈ። ዘዴው ግን ከድርጅቱ ጋር አልሞተም። አንገት ላይ ሰሌዳ ማንጠልጠል፣ ለሰዓታት ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ፣ «ማንም እንዳያናግረው» ማለት ወደ ሌሎች ቤቶች ተሻግሯል።

ደጋፊዎቹ ሱሰኛ ሥርዓት ያስፈልገዋል ይላሉ። እውነት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ሳህን ማጠብ፣ ስልክ ለጥቂት ቀናት ማስረከብ ሥርዓት ነው፤ ሰው ፊት ማዋረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊሊያም ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት አማካሪው ጠጪውን ባፋጠጠው መጠን፣ ሰውየው ከዓመት በኋላ አብዝቶ ሲጠጣ ተገኝቷል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ለመጠጥ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል ሕመም ሊነሳበት፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ሊቃዥና ሊቃወስ ይችላል። «ወንድ ነው፣ ይቻለው» የሚል ቤት ለዚህ አይሆንም። ሌሊት ነርስ አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ዛናክስ ያለ የማረጋጊያ ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደም ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ መቆረጥ የለበትም።

በሄሮይንና በፌንታኒል የሕክምናው ቤት የማቋረጡን ሕመምና አምሮቱን የሚያስታግሰውን ቡፕረኖርፊን (ብዙዎች ሱቦክሰን የሚሉት) ይሰጣል። የማቋረጡ ሕመም በግልጽ እስኪታይ፣ ማለትም ማዛጋት፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን መስፋት እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ለሄሮይን ይህ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ፌንታኒል ግን በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሊረዝም ይችላል። ከዚያ 2 ወይም 4 ሚሊግራም ከምላስ ሥር ይደረጋል። ቀድሞ ከተሰጠ ሕመሙን ባንዴ ያፈነዳዋል፤ ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ጥብቁ ቤት ብዙውን ጊዜ «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ብሎ ይከለክላል። ይህ ክርክር ጆሮ ላይ ደስ ይላል፣ ግን ቡፕረኖርፊንና ለዚሁ ሕክምና የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ሜታዶን፣ ሕክምናው እስከቀጠለ ድረስ የሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። በፌንታኒል ለተያዘ ሰው መድኃኒት የሚከለክል ቤት፣ ሌላው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንመርጥም።

የሚያባርሩበት ቀን

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ግቢው ውስጥ ቢጠቀም ምን ታደርጋላችሁ?» ሦስት ሳምንት ንጹሕ የቆየ ሰው ሰውነቱ ድሮ የለመደውን መጠን አይችልም። በቅጣት ማታ ሻንጣው በር ላይ ከተቀመጠለት ያንኑ የድሮውን መጠን ይወስዳል፣ ትንፋሹ ይቆማል። ጥሩ ቤት ሲያገረሽበት ወደ ዲቶክስ (ሰውነቱ ከዕፁ ወይም ከመጠጡ እስኪጸዳ በሐኪም ክትትል ወደሚቆይበት ክፍል) ይመልሰዋል፣ መድኃኒቱን ይከልሳል። የግድ መውጣት ካለበትም 4 ሚሊግራም የናርካን (ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት) የአፍንጫ ስፕሬይ፣ የመድኃኒት ማዘዣና በቀናት ውስጥ የሚደርስ ቀጠሮ አስይዞ ነው የሚሸኘው። «አንታገስም፣ ይባረራል» ካሉ መልሱን አግኝታችኋል።

ዋጋና ጊዜ

ጥብቁ ቤት አንዳንዴ ነፃ ነው፣ ቆይታውም ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የቀኑን ፕሮግራም በወረቀት እንዲልኩ ጠይቁና ሰዓቱን ቁጠሩ። ስምንት ሰዓት መጋዘን ውስጥ ሥራ፣ አንድ ሰዓት ስብሰባ ከሆነ ደመወዙን ማን እንደሚወስድ ጠይቁ። የሕክምናው ቤት በኢንሹራንስ ወይም በሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው የጤና መድን) ብዙ ጊዜ 28 ወይም 30 ቀን ይሰጣል። ይህን ቁጥር የወሰነው ከሰውነት ይልቅ ከፋዩ ነው። ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ውጤቱ ውስን ስለሆነ፣ ከወጣ በኋላ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚከታተለው ከሌለ ገንዘቡ ባክኗል።

የአውሮፕላን ትኬት ችለን ፍሎሪዳ እንወስደዋለን የሚል ደላላ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ፤ በሽተኛ አቅርቦ ኮሚሽን መቀበልን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማዕከል የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የአክስቱን ልጅ አታስተርጉሙ፣ በሽተኛው በዘመድ ፊት እውነቱን አይናገርም። ለመነሻ የሳምሳ (የአሜሪካ መንግሥት የሱስና የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት) ነፃ መስመር 1-800-662-4357 ሌትና ቀን ይሠራል። እስከዚያው ናርካን ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ግዙና ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ አስቀምጡ።