ደች ስትማሩ ፓሲቭ ላይ ለቆማችሁ፦ ዴን ሃግ (ሄግ) ያሉትን ጋሼን ልጠቁማችሁ

ሰላም የኔዘርላንድ ሐበሾች! ዴን ሃግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ደች የሚያስተምሩንን ጋሼን በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ፓሲቭን (እንደኛ «ተሠራ»፣ «ተዘጋ» የሚባለውን) ሲያስተምሩን መጽሐፍ አልከፈቱም። «ከኸሜንተ (ከማዘጋጃ ቤት) የመጣላችሁን ደብዳቤ አምጡ» አሉን። አንዷ ያመጣችውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ዎርት» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበት። «ኡው ኣንፍራኽ ዎርት በሀንደልት» ይላል። «ማመልከቻሽ እየታየ ነው፤ ገና ነው፣ ጠብቂ» አሏት። ከሥሩ ደግሞ በእጃቸው «ኡው ኣንፍራኽ ኢስ አፍኸዌዘን» ብለው ጻፉ። «ይሄኛው ከመጣልሽ ግን አልቋል፤ ውድቅ ሆኗል። ቤዝዋር (ቅሬታ) ለማስገባት ያለሽ 6 ሳምንት ነው፣ ሩጪ!»

እንግሊዝኛ የምንችል ሰዎች የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ኢስ» ስናይ ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ይመስለናል። በደች ግን «ኢስ ኸባውት» ማለት ተሠርቷል፣ አብቅቷል ነው። እየተሠራ ከሆነ «ዎርት ኸባውት» ነው። «ኢስ ኸባውት» መጨረሻ ላይ «ኸዎርደን» የምትጨምሩ ካላችሁ ተዉት፤ አያስፈልግም። «ደ ዊንከል ኢስ ኸስሎተን» ደግሞ እንደኛው «ሱቁ ተዘግቷል» ነው፤ ዘጉትም፣ ዝግ ነውም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የወደድኩት «ኤር ዌርት ኸዳንስት» («ተጨፈረ») የሚለው ነው። ማን እንደጨፈረ አይናገርም። ክፍሉ ግራ ሲጋባባቸው፣ «ከሰርግ ስትመለሱ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ ትሉ የለም እንዴ? ማን እንደጨፈረ የጠየቃችሁ አለ?» አሉን። በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ወዲህ «ኤር» አስጨንቆኝ አያውቅም።

አትሳሳቱ፣ ቀልድ ቢያውቁም ኮስታራ ናቸው። አርፍዶ የሚመጣ አይወዱም። የቤት ሥራ ያልሠራ ደግሞ ወዮለት! ንግግር ለመለማመድ ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ታልካፌዎች (ደች እየተጨዋወቱ የሚለማመዱባቸው) ይሻሏችኋል፤ እሳቸው ጋ የሚኬደው ለሰዋስው ነው። በተለይ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የኢንቡርኸሪንግ (የስደተኞች ውህደት) ሕግ ቤ1 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ የሚጠበቅባችሁ ልጆች ብትሄዱ ትጠቀማላችሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ጻፉልኝ። ስትመጡ ደብዳቤ መያዝ አትርሱ፤ የቤኤስኤን (የግል መለያ) ቁጥራችሁን ግን ሸፍኑት።