ለበዓል ጨዋታ፦ ገና ወይስ ጎልፍ?

ታህሳስ 29 ዘመድ ላሊበላ ሲሰበሰብ፣ ከምሳ በኋላ አያትና የልጅ ልጅ ምን ይጫወቱ?

የገና ጨዋታ ወጪ የለበትም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ሩር (የጨዋታው ኳስ) እና ሜዳ ይበቃል። ጫጫታውና ፉከራው ራሱ ድግስ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስለሚባል ልጅ አባቱን ቢተርብም ችግር የለም። ግን ሩጫና ግፊያ አለው። የ70 ዓመት አያት ዳር ተቀምጠው ከመመልከት ሌላ ዕድል የላቸውም።

ጎልፍ እዚህ ላይ ይበልጣል። ቀስ ብለው እየተራመዱ፣ እያወሩ ይጫወቱታል። የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰ ነው፤ ሃንዲካፕ የሚባለው አሠራር ደግሞ ለደካማው ተጫዋች ከምቱ ቁጥር ላይ ስለሚቀንስለት፣ አያትና የልጅ ልጅ በእኩል ይፎካከራሉ። ችግሩ፣ 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ ሰፊ መሬትና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። (የላስታን ተራራ ማን ሣር ያለብሰዋል?) ዱላውም ውድ ነው።

ለበዓሉ እኔ ገናን እመርጣለሁ። አያትን ግን ዳኛ አድርጓቸው።