በከዚራዋ ትንሽ የሙዚቃ ክለብ የሚቀርቡ የሮክ ምሽቶች

አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን በተመሠረተባትና አሊ ቢራ በተወለደባት ድሬዳዋ ጊታር ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሮክ ግን፣ ያውም አሳታሚ ያልያዛቸው ወጣቶች የሚሞክሩት ዓይነት፣ መድረክ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። በከተማዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የምትገኘው ይህች ትንሽ ክለብ ለመጪዎቹ ቅዳሜዎች ያወጣችው መርሐ ግብር ለእንዲህ ያለው ሙከራ ቦታ በመስጠቱ ሊመሰገን ይገባዋል። በልምምድ ላይ ካደመጥኳቸው መካከል ልቤን የሳበው፣ የአንቺ ሆዬን ቅኝት ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ማጣሪያ) በተጫነበት ጊታር ይዞ፣ አንዲት አጭር ሐረግ ያለ ግጥም ደጋግሞ እያዞረ ቀስ በቀስ እያከረራት የሚሄደው ባለ ሦስት አባላት ቡድን ነው፤ አዳራሹ ጠባብ በመሆኑ ድራመሩ ትልቁን ከበሮ በብርድ ልብስ አፍኖ ይመታል፣ ይህም ድምፁን ይበልጥ ቅርብ አድርጎታል። ሌላው ቡድን ገና ብዙ ይቀረዋል። የክለቧ ዋና ጉድለት የድምፅ ማጉያው ነው፦ ድምፃዊው ሲጮህ ቃላቱ ይዋጣሉ፣ የአየር ማራገቢያው ጉርምርምታም (በድሬ ሙቀት ማጥፋቱ የሚታሰብ አይደለም) ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። ግጥሙን አጥርቶ መስማት የሚፈልግ ሰው ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻለዋል።