አቶቴ አካባቢ ያለችው ክሊኒክ ለፓርኪንሰን ታማሚ እንዴት ናት?

ሐዋሳ ውስጥ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው የት ይሻላል ለምትሉኝ፣ እኔ አሁን የምሄደው አቶቴ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው።

የወሰደኝ የጀርባ ሕመም ነው። ከወገቤ ይነሳና ደረቴን ጥፍንግ አድርጎ ይይዘኛል። ልቤም ድው ድው ይላል። ሌላ ቦታ ኢሲጂ (የልብ ምት በወረቀት የሚያወጣ ምርመራ) ተነስቼ "የልብ ምትዎ ተዛብቷል" ተባልኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ተሸበረ።

እዚህ ግን ሲስተሯ ኢሲጂውን ልትደግመው ስትል፣ ገና አልጋው ላይ ሳልወጣ፣ "ጋሼ፣ የመንቀጥቀጡን መድኃኒት ስንት ሰዓት ላይ ዋጡ?" አለችኝ። እስኪሠራ አስጠበቀችኝ። ጋቢ አለበሰችኝ። እጅ አንጓ ላይ የሚደረጉትን ገመዶች ወደ ትከሻዬ፣ የእግሮቹን ወደ ዳሌዬ አወጣቻቸው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው፤ በደቂቃ 300 ገደማ ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲወጣ የልብ ችግር ይመስላል። ሐኪሙ የድሮውንና የአዲሱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ አሳየኝ። የድሮው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ በመሃሉ ግን የልቤ ምት በእኩል በእኩል ርቀት ቆሞ ይታያል። እንዲያም ሆኖ የደረት ሕመም በፓርኪንሰን ተላክኮ አይታለፍም ብሎ የደም ምርመራና ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አዘዘ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። እንዲህ ያለ ሐኪም እግዜር ይስጥልን!

ግፊቴንም ተኝቼ ለኩ፣ ከዚያ አቁመው ደገሙት። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወረደ። ስነሳ የሚያዞረኝ ለካ በዚህ ነው፤ በሽታውም መድኃኒቱም ያመጡታል።

ለጀርባዬ ሕመሙ የሚነሳበትን ሰዓት እንድጽፍ አዘዘኝ። የሚብሰው የሚቀጥለው ኪኒን ሊደርስ ሲል ነው። የሌቮዶፓው፣ ማለትም የፓርኪንሰን መድኃኒቴ፣ ኃይል ሲያልቅ ጡንቻ ይገተራል። የምውጥበትን ሰዓት አቀራረበልኝ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እንድውጠውም ነገረኝ፤ ሥጋና ዓሣ መድኃኒቱን ይሻሙታል። የአሞራ ገደልን ዓሣ የምትወዱ ሰዓታችሁን ጠብቁ። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን አሁን ሌሊቱን እተኛለሁ።

ቅር ያለኝ መግቢያው ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም። እግሩ መሬት ላይ ለሚጣበቅበት ሰው አደጋ ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ወረፋው አይቻልም፣ ከሰዓት ሂዱ። የኪኒናችሁን ካርቶን ያዙ። የትም ብትታከሙ ለማቅለሽለሽ ፕላሲል ሊሰጧችሁ ካሉ፣ ፓርኪንሰን እንዳለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ መንቀጥቀጡን ያባብሳል።